አውሎ ነፋስን ከባሕር ሥር ማየት፦ የውሃ ውስጥ ሮቦቶችና የላይኛው ውቅያኖስ ቅልቅል

ከደብረ ኤልያስ ተነሥቶ የኬክሮስ መስመሩን ሳይለቅ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ሐፉን በተባለው የሶማሊያ ጠረፍ አጠገብ ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ይገናኛል። ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2020) ጋቲ የተባለው ሳይክሎን የብስ የረገጠው በዚሁ ስፍራ ነበር። በሙሉ የአውሎ ነፋስ ደረጃ በሶማሊያ ምድር ላይ እንዳረፈ የተመዘገበ የመጀመሪያው ሳይክሎን ነው። የትንበያ ባለሙያዎችን ይበልጥ ያስደነቀው ግን ያረፈበት ቦታ ሳይሆን የተባባሰበት ፍጥነት ነው፤ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከደካማ የዝቅተኛ ግፊት ሥርዓት ወደ ኃይለኛ ሳይክሎን ተለወጠ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አውሎ ነፋስ እንዲህ በድንገት የሚባባሰው ወይም በተቃራኒው ሳይታሰብ የሚዳከመው ለምንድን ነው? የመልሱ ከፊል በከባቢ አየር ውስጥ፣ ከፊሉ ደግሞ በባሕሩ የላይኛው መቶ ሜትር ውስጥ ይገኛል። አውሎ ነፋሱ ከሞቀ ውሃ ኃይል ይቀበላል፤ በዚያው ጊዜ ግን በነፋሱ ባሕሩን አናውጦ ቀዝቃዛውን ውሃ ከሥር ወደ ላይ ያወጣል። በሌላ አነጋገር፣ የራሱን ምድጃ የሚያቀዘቅዘው ራሱ ነው። ይህ ልጓም የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ ማወቅ የሚቻለው ከነፋሱ ሥር፣ በውሃው ውስጥ ሆኖ የሚለካ መሣሪያ ሲኖር ነው። ላለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ይህን ሥራ ሲሠሩ የቆዩት ሰው አልባ የውሃ ውስጥ ሮቦቶች ናቸው።

ጉዳዩ ለደጋው ሰው ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በሜይ 2018 ሜኩኑ በኦማን ሳላላ አጠገብ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ ሉባን በየመን ጠረፍ ያረፉት ሁለት ሳይክሎኖች በዓረብ ልሳነ ምድር በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናብ አዘነቡ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደገለጸው፣ በእርጥበቱ የተነሣ የበረሃ አንበጣ ማንም ሳያየው በዘጠኝ ወራት ውስጥ ሦስት ትውልድ ተራባ። መንጋው በቀጣዩ ዓመት ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገረ፤ በአማራ ክልል የወሎና የሰሜን ሸዋ አርሶ አደሮች በጤፍና በማሽላ ማሳቸው ላይ ያዩት የዚያ ዝናብ ርዝራዥ ነው።

የቅልቅል ምንነት

ነገሩን ከሚታወቀው መጀመር ይሻላል። የጣና ሐይቅ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀን ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ታሞቃለች፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ መልሰው ይቀላቅሉታል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ሙቁና ቀዝቃዛው ውሃ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው አይቆዩም።

ውቅያኖስ ግን ከዚህ ይለያል። በሐሩር አካባቢ ከላይ ነፋስ ያዋሐደው፣ ሙቀቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሆነ ንብርብር አለ፤ ውፍረቱ እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ከ20 እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በታች ሙቀቱ በጥቂት ዐሥር ሜትሮች ውስጥ በድንገት ይወርዳል። በግራፍ ላይ ሲታይ የደብረ ኤልያስን አካባቢ መልክዓ ምድር ያስታውሳል፤ ሜዳው ለጥ ብሎ ከሄደ በኋላ በድንገት ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። አማርኛ ለዚህ የባሕር ክፍል የጸና ስያሜ ስለሌለው በዚህ ጽሑፍ «የሙቀት ገደል» ተብሏል።

ከገደሉ በታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ከላይኛው ይልቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ከባዱን ወደ ላይ አንሥቶ ከቀላሉ ጋር ማዋሐድ ሥራ ይጠይቃል፤ ሥራውን የሚሠራው ነፋስ ነው። ነፋሱ ግን ውሃውን እንደ ማማሰያ በቀጥታ አያማስለውም። አብዛኛው ቅልቅል የሚከሰተው በተዘዋዋሪ መንገድ ነው፦ ነፋሱ የላይኛውን ንብርብር እንዳለ ይገፋዋል፤ የታችኛው ባለበት ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል የፍጥነት ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ድንበሩ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ወደ ሁከታዊ ፍሰት ይለወጣል፤ ቀዝቃዛው ውሃም ወደ ላይኛው ይሳባል። ጄምስ ፕራይስ በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ለሚታየው የላይኛው ንብርብር መቀዝቀዝ 85 በመቶ ያህል ምክንያቱ ይህ ከሥር መሳብ እንደሆነ አሳይቷል። ወደ አየር የሚያልፈው ሙቀት ድርሻው ቀሪው ብቻ ነው። ይህ ከተለመደው ግምት ጋር ይጋጫል፤ ብዙ ሰው ባሕሩ የሚቀዘቅዘው አውሎ ነፋሱ ሙቀቱን ስለወሰደበት ይመስለዋል።

በዚህ ላይ የምድር መሽከርከር ይጨመራል። በነፋስ የተገፋ ውሃ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይዞራል፤ አንድ ዙር የሚፈጅበት ጊዜ በኬክሮሱ ይወሰናል። በ22 ዲግሪ ኬክሮስ 32 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በደብረ ኤልያስና በሐፉን ኬክሮስ ግን 67 ሰዓት ይጠጋል። አውሎ ነፋስ በሚያልፍበት ጊዜ ከጉዞ መስመሩ በስተቀኝ ያለው ነፋስ አቅጣጫው ወደ ቀኝ እየዞረ ይሄዳል። የነፋሱ መዞርና የውሃው መዞር ከተገጣጠሙ፣ ዥዋዥዌን በትክክለኛው ጊዜ እንደመግፋት ሆኖ የውሃው ፍጥነት እየጨመረ ይመጣል። ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ ባሕሮች ላይ ውሃው የሚዞረው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ይህ መገጣጠም በቀላሉ አይገኝም። በከፍተኛ ኬክሮስ የተገኘ ውጤት እንዳለ ወደ ሶማሊያ ጠረፍ ሊወሰድ የማይገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሮቦት ለምን አስፈለገ?

ሳተላይት የባሕሩን ገጽ እንጂ ውስጡን አያይም። በኢንፍራሬድ የሚለካው ደመና ይጋርደዋል፤ በማይክሮዌቭ የሚለካውም ከባድ ዝናብ ባለበት አስተማማኝ አይደለም። መርከብ ደግሞ ከአውሎ ነፋስ ይሸሻል፤ መሸሽም አለበት። በዚህ ምክንያት ለረጅም ዘመን የነበረው መረጃ አውሎ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊትና ካለፈ ከቀናት በኋላ የተወሰደ ሲሆን፣ ዋናው ድርጊት የተፈጸመበት ጊዜ ባዶ ነበር።

የመፍትሔው ሐሳብ በ1989 የቀረበው እንግዳ በሆነ መንገድ ነው። እውቁ የውቅያኖስ ተመራማሪ ሄንሪ ስቶመል «የስሎከም ተልእኮ» በሚል ርእስ፣ ከ2021 ወደ ኋላ ዞሮ የሚተርክ ልብ ወለድ መሰል ጽሑፍ በአንድ ሙያዊ መጽሔት ላይ አወጣ። በትረካው ውስጥ ብዙ ትንንሽ ሮቦቶች ያለ ሞተር ውቅያኖሶችን እያቋረጡ መረጃ ይልካሉ። መሐንዲሱ ዳግላስ ዌብ ሐሳቡን ወደ መሣሪያ ለወጠው፤ ዛሬ ስሎከም የተባለው ግላይደር በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። በ2009 ከእነዚህ አንዱ ከኒው ጀርሲ ተነሥቶ በ221 ቀናት ውስጥ አትላንቲክን ተሻግሮ ስፔን ገብቷል።

የግላይደሩ አሠራር ቀላል ነው። በሆዱ ውስጥ ያለውን ዘይት ወይም ውሃ በፓምፕ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ በማዘዋወር ይዘቱን ይለውጣል። ይዘቱ ሲቀንስ ይሰምጣል፤ ሲጨምር ይንሳፈፋል። ክንፎቹ ይህን የቁም እንቅስቃሴ ወደ ፊት ጉዞ ይለውጡለታል። ፍጥነቱ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከእግረኛ እጅግ ያነሰ ነው፤ ኃይል ስለሚቆጥብ ግን ለወራት ይሠራል። እየወረደና እየወጣ ሙቀትን፣ ጨዋማነትንና ግፊትን ይለካል፤ ብቅ ባለ ቁጥር መረጃውን በሳተላይት ልኮ አዲስ ትእዛዝ ይቀበላል። የቅርብ ዘመዱ የአርጎ ተንሳፋፊ ክንፍ የለውም፤ በ1,000 ሜትር ጥልቀት ከወራጁ ጋር እየተጓዘ በየ10 ቀኑ እስከ 2,000 ሜትር ወርዶ እየለካ ይወጣል። በዓለም ውቅያኖሶች ውስጥ 4,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ተንሳፋፊዎች አሉ።

ከሁሉም የላቀ ትምህርት የተገኘው በ2004 ፍራንሲስ የተባለው አውሎ ነፋስ በአትላንቲክ ላይ ሲያልፍ ነው። ተመራማሪዎች መሣሪያዎቹን አውሎ ነፋሱ ከሚያልፍበት መንገድ ቀድመው ከአውሮፕላን ወደ ባሕር ጣሉ። የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ 60 ሜትር ይደርስ ነበር። ተንሳፋፊዎቹ ከሥሩ ሆነው እንደለኩት የባሕሩ ገጽ እስከ 2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዘቀዘ፤ ከፍተኛው ቅዝቃዜ የታየው ግን ከመሐሉ ሥር ሳይሆን ከጉዞ መስመሩ በስተቀኝ ከ60 እስከ 85 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ፣ 50 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ሰቅ ላይ ነው። ወራጁ በሰከንድ 1.6 ሜትር ደረሰ። የቅዝቃዜው ምክንያት ከሞላ ጎደል የቁም ቅልቅል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ በላይ ሊስተዋል የሚገባው ደግሞ ትንሿ ቁጥር ናት፤ ከአውሎ ነፋሱ መሐል ሥር የታየው ቅዝቃዜ 0.4 ዲግሪ ብቻ ነበር። ይህች ግማሽ ዲግሪ እንኳ ያልሞላች ለውጥ ከባሕር ወደ አየር የሚያልፈውን ሙቀት በ16 በመቶ ቀንሳለች፤ ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው የነፋሱ ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር ያህል እንደሚቀንስ ገምተዋል። የትንበያ ሞዴል በባሕሩ ሙቀት ላይ የግማሽ ዲግሪ ስሕተት ካለው የሚያስከትለው ልዩነት እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

በ2011 አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ በኒው ጀርሲ ጠረፍ ሲያልፍ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ግላይደር በአህጉራዊው መደርደሪያ ላይ ነበር። በዚያ ጥልቀት በሌለው ባሕር ከሞቀው ስስ ንብርብር ሥር እጅግ ቀዝቃዛ ውሃ ይተኛል። ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ወደ ጠረፉ ሲገፋ የታችኛው በተቃራኒው ወደ ጥልቁ ባሕር ፈሰሰ፤ በድንበራቸው ላይ የተፈጠረው የፍጥነት ልዩነት ሁለቱን ቀላቀላቸው። አብዛኛው ቅዝቃዜ የተከሰተው የአውሎ ነፋሱ ዐይን ከመድረሱ በፊት መሆኑ ደግሞ የተለመደውን አስተሳሰብ አናጋ። አይሪን ከተተነበየው ይልቅ ተዳክሞ የደረሰበት አንዱ ምክንያት ሞዴሎቹ ይህን ቅድመ ቅዝቃዜ ስላላዩ ነው።

ሙቀትን መለካት የቅልቅሉን ውጤት ያሳያል እንጂ ድርጊቱን ራሱን አያሳይም። ለዚህም አንዳንድ ግላይደሮች በአፍንጫቸው ላይ የሴንቲ ሜትር መጠን ያላቸውን የፍጥነት መዋዠቆች የሚለኩ ስስ መመርመሪያዎች ይገጠሙላቸዋል። ከመዋዠቁ ተነሥቶ ሁከቱ በየሰከንዱ ምን ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ እንደሚያባክን ይሰላል። ቶማስ ኦስቦርን በ1980 ያቀረበው ቀመር ቅልቅሉን ከዚህ ብክነትና ከንብርብሮቹ የክብደት ልዩነት ጋር ያያይዛል፤ ከሚባክነው ኃይል ቢበዛ 20 በመቶ የሚሆነው ከባዱን ውሃ ለማንሣት እንደሚውል ይወሰዳል። ይህች 0.2 የምትባል ቁጥር ቋሚ ናት ወይስ እንደ ሁኔታው ትለዋወጣለች የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። ሞገድ በሚሰበርበት የላይኛው ጥቂት ሜትር ውስጥ ደግሞ ቀመሩን መተግበር ይበልጥ አጠራጣሪ ነው።

የሕንድ ውቅያኖስ

ወደ ጎረቤታችን ባሕር ስንመለስ ነገሩ ይወሳሰባል። ከሕንድ በስተምሥራቅ ባለው የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከጋንጀስና ከብራህማፑትራ የሚገባው የወንዝ ውሃና የሞንሱን ዝናብ የባሕሩን ገጽ ጨዋማነት ይቀንሱታል። ጨው ያነሰው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ጨዋማ ሆኖ አሁንም የሞቀ ውሃ ይኖራል፤ ቀዝቃዛው የሚገኘው ከሁለቱም በታች ነው። ነፋሱ ሲያማስል መጀመሪያ የሚያወጣው ይህን መካከለኛ ሙቅ ውሃ ስለሆነ ባሕሩ ብዙም አይቀዘቅዝም፤ ልጓሙ ላልቷል ማለት ነው። በ2016 የብሪታንያና የሕንድ ተመራማሪዎች በጋራ ባካሄዱት የመስክ ዘመቻ «ሲንዱ ሳዳና» ከተባለችው መርከብ ጎን ግላይደሮችን አሠማርተው ይህን የጨው ንብርብር ከሞንሱኑ ጋር አብረው ተከታትለዋል።

የዓረብ ባሕር ጨዋማ ነው፤ እንዲህ ያለው ከልካይ ንብርብር በሰፊው አይታይበትም። በምትኩ ከክረምታችን ጋር የተያያዘ ሌላ ኃይል አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጎጃም ዝናብ በሚያገኝበት ወቅት፣ የፊንድላተር ጄት የሚባለው ዝቅተኛ ከፍታ ላይ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ ተከትሎ በዓረብ ባሕር ላይ ያልፋል። ነፋሱ እንደ ሳይክሎን በሁለት ቀን የሚያልፍ አይደለም፤ ለወራት የሚዘልቅ ነው። ከኦክቶበር 1994 እስከ ኦክቶበር 1995 በባሕሩ መካከል መልሕቅ ጥሎ የቆየ የምርምር ቡይ እንዳሳየው ባሕሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀዘቅዛል፦ በክረምት በነፋስ ቅልቅል፣ በበጋ ደግሞ ደረቁ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሙቀቱን ስለሚወስድበት። ሳይክሎን የሚነሣው በሁለቱ መካከል፣ ባሕሩ መልሶ በሚሞቅባቸው ወራት ነው፤ ሜኩኑ በሜይ፣ ሉባን በኦክቶበር፣ ጋቲ በኖቬምበር። በክረምቱ መካከል ሳይክሎን የማይታየው ግን በባሕሩ ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም፤ የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ በከፍታ እጅግ ስለሚለያይ አውሎ ነፋሱ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም።

ለደጋው ዝናብ የሚሆነው እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን፣ እንዲሁም ከኮንጎ ተፋሰስ አቅጣጫ ይመጣል። በዓረብ ባሕር ላይ የሚደረገው ቅልቅል በጎጃም ዝናብ ላይ በቀጥታ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ብሎ መደምደም ስለዚህ ችኮላ ይሆናል። ይልቁንም የወቅት ትንበያ ሞዴሎች የሚነሡት ከባሕር ሙቀት ነው፤ የተሳሳተ የላይኛ ንብርብር ይዞ የሚነሣ ሞዴል ስሕተቱን ወደ ትንበያው ይዞ ይሄዳል።

ችግሩ ደግሞ መረጃው እጅግ የሳሳው በዚሁ በእኛ በኩል መሆኑ ነው። ከ2008 ጀምሮ በሶማሊያ ጠረፍ የተስፋፋው የባሕር ላይ ዘረፋ የምርምር መርከቦችን አራቀ። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተዘረጋው የቡዮች መረብ በምዕራቡ በኩል ሳይሟላ ቆየ፤ የአርጎ ተንሳፋፊዎችም ሞተው የሚተካቸው ጠፋ። በ2011 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ተንሳፋፊዎቹን ለማስጣል የአሜሪካንና የአውስትራሊያን የባሕር ኃይሎች እርዳታ ጠይቀዋል። የአየር ንብረት መሣሪያ በጦር መርከብ ታጅቦ ወደ ውሃ ሲገባ ማየት የዚህ ዘመን ሳይንስ አንዱ ገጽታ ነው። ከዚያ በኋላ የምሥራቅ አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ከኦማኑ ሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ግላይደሮችን ወደ ኦማን ባሕረ ሰላጤ ላከ፤ ሮቦቶቹ መርከብ ለዓመታት ባልደፈረው ውሃ ውስጥ ለወራት ቆይተው ኦክስጅን ያጣው የባሕር ክፍል ከተገመተው በላይ መስፋቱን በ2018 ይፋ በሆነው ውጤት አሳዩ። ኦክስጅን ወደ ጥልቁ የሚወርደው በቅልቅል ስለሆነ ሁለቱ ጥያቄዎች የተሳሰሩ ናቸው።

ሮቦት ሁሉንም ችግር አይፈታም። በየ10 ቀኑ የሚወጣ ተንሳፋፊ እንደ ጋቲ ያለ በአንድ ቀን ተባብሶ የሚያልፍ ሳይክሎንን የሚያገኘው በአጋጣሚ ነው። አዳዲሶቹ ተንሳፋፊዎች በሳተላይት ትእዛዝ ዑደታቸውን ወደ ሰዓታት ማሳጠር ቢችሉም ባትሪያቸው ቶሎ ያልቃል። በሶማሊያ ጠረፍ ደግሞ ብርቱው ወራጅ ተንሳፋፊዎቹን ወደ መካከለኛው ባሕር ይወስዳቸዋል፤ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ግላይደርም ከዚህ ወራጅ ጋር ታግሎ አያሸንፍም።

ባሕር ለሌላት አገር ተመራማሪ ግን አንድ በር ክፍት ነው። የአርጎ መረጃ ለማንም በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንድ ተንሳፋፊ የለካው በ24 ሰዓት ገደማ ውስጥ በኢንተርኔት ይገኛል። ከጋቲ መንገድ በ200 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተወሰዱ ልኬቶችን አሰባስቦ የ26 ዲግሪ ሙቀት ወሰን በምን ጥልቀት ላይ እንደነበረ ማስላት፣ ከዚያም በሜኩኑና በሉባን ዋዜማ ከነበረው ጋር ማነጻጸር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ባለ አንድ ኮምፒውተር የሚሠራ የማስተርስ ሥራ ነው። ልኬቶቹ ጥቂት ይሆናሉ። ጥቂትነታቸውን ራሱን ቆጥሮ በካርታ ላይ ማስቀመጥ፣ ቀጣዮቹ ተንሳፋፊዎች በየትኛው ኬንትሮስና በየትኛው ወር ቢጣሉ የሚቀጥለውን ሳይክሎን ከሥሩ ሊያገኙት እንደሚችሉ ለመጠቆም ይበቃል።